ድንጋይ ተሸክሜ ንብ ይቅርታ የጠየቅሁበት ቀን

ብዕሩን የያዘው የእህቴ ልጅ መሪጌታ ሞላ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ የቢተው ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ እንደኔ የሚያርስ ካለ ይምጣና እንተያይ። ይህንንም ጻፈው መሪጌታ... አትሳቅ።

ከትናንት ወዲያ ጎሕ ሲቀድ፣ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ ቋሪት ድረስ ሄድሁ። ንብ ይቅርታ ልጠይቅ። አዎ... ንብ።

ነገሩ የተነሣው አምና ነው። ኑጌ አብቦ ማሳው ቢጫ ግምጃ የለበሰ መስሏል። ዳር ቆሜ ሳይ የጎረቤቴ የዋሴ ንብ አበባዬን ይግጣል። የሰው በሬ ማሳዬ ቢገባ ይዤ አስረዋለሁ። ክንፍ ስላለው ልተወው ነው እንዴ?

«ዋሴ! ንብህን ያዝ!» አልሁት።

«አያ ቢተው፣ ንብ በምን ይታሰራል?»

«የኔን ኑግ በልቶ ላንተ ማር ሊሆን ሲመጣ ግን መንገዱን ያውቃል!»

ሽማግሌ ፊት አቆምሁት። «የኔ ንብ መሆኑን በምን አወቁ?» ብሎ ተከራከረ። እኔ ደግሞ ብልሃት አላጣም። በማግሥቱ ሦስቱን ሽማግሎች ማሳዬ ዳር አስቀምጬ፣ አበባው ላይ ያረፈውን ንብ ሁሉ የነጭ ጤፍ ዱቄት ነሰነስሁበት። ከዚያ «ተነሡ!» ብዬ ዱቄት የለበሰውን ንብ እየተከተልን ሮጥን... ሦስት ሽማግሌ ጋቢውን ሰብስቦ አጥር ሲዘል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ንቡ ዞር ሳይል ቀጥ ብሎ ከዋሴ ቀፎ ገባ። አንዱ ደግሞ በመንገዱ የአባ ታምሩን ጆሮ ነድፎ ነበርና ፍርዱ አልዘገየም።

«ንቡ ካገሩ ይውጣ» አሉ አባ ታምሩ፣ ጆሯቸውን ይዘው።

ዋሴ አምስት ቀፎውን ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ ላለ አማቹ በአደራ ሰጠ። እኔ ደስታዬን አልቻልሁትም። ማሳዬ ላይ እልም ያለ ጸጥታ ሆነ።

ባለቤቴ ብርነሽ ግን «ኧረ አንቱ፣ ማሳው ዝም አለ... ዝምታው አላማረኝም» አለች።

«ሌባ የወጣለት ቤት ዝም ይላል» አልኋት።

ታኅሣሥ ላይ አጭጄ ወቃሁት። ገለባ... ገለባ... አሁንም ገለባ። ቁመቱ ሙሉ፣ አበባው እንደ ሙሽራ ያማረ የነበረ፣ ውስጡ ግን ባዶ። በየዓመቱ ጎታ የሚሞላው ማሳ ሁለት ቁና አልሞላም። እሱም የተገኘው በቤተ ክርስቲያኑ ደን በኩል ካለው ዳር ብቻ ነው።

ብርነሽ ያችን ሁለት ቁና እያበጠረች «በደኑ በኩል ያለው ለምን ፍሬ ያዘ?» አለችኝ። «እዚያ ዛፍ ውስጥ የሚያድር የዱር ንብ አለ። አንቱ፣ ንቡ ሲበላ አልነበረም፤ ሲያጋባ ነው የነበረው። ሽማግሌ ሳይልኩ ሙሽራ ከየት ይመጣል? አማላጁን አባርረው ልጅ ይጠብቃሉ!»

አንድ እፍኝ ገለባ ዘግኜ እፍ አልሁበት፤ እጄ ላይ አንድ ፍሬ አልቀረም።

ዓቢይ ጾም ገባ። ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ አሁን ደግሞ የኑግ ጠብታ የለ። አሥር ነፍስ ቤተሰቤ ያን ሁሉ ቀን ሽሮ በውኃ እየበላ እኔን እኔን ያያል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ኑጉ ሊያብብ ሲል እነዚያኑ ሽማግሎች አስቀድሜ ንቡን እንዲመልስ ልለምነው ዋሴ ዘንድ ሄድሁ።

«እኔ አልተበደልሁም» አለ ዋሴ። «ሌባ የተባሉት እነሱ ናቸው። ድንጋይ ተሸክመው እነሱን ይጠይቁ።»

ሽማግሎቹ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አባ ታምሩ ጆሯቸውን እያሻሹ «እውነቱን ነው» አሉ። «ለሰንበቴውም ሕዝብ ይናገር።»

ሄድሁ። ዋሴ ቆሎውን እየቆረጠመ ከኋላዬ ይከተላል። መንገድ ላይ አንድ አህያ ነጂ ድንጋዬን አይቶ ደነገጠ።

«አባቴ፣ ነፍስ አጥፍተው ነው?»

«የለም።»

«ታዲያ ማንን በድለው ነው?»

«ንብ።»

ሰውዬው አማተበና አህዮቹን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀልኝ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረስን። ቀፎዎቹ ፊት ተንበረከክሁ። ለገዢ ያልተንበረከክሁ ሰውዬ! «ሌባ ያልኋችሁ እኔ ነኝ» አልሁ። «በየዓመቱ የድካማችሁን ፍሬ አፍስ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልኋችሁም።»

«ጮክ ይበሉ» አለ ዋሴ፣ «የዳሩ ቀፎ አልሰማም።»

ጮክ ብዬ ደገምሁት። ይኼኔ አንዲት ንብ ወጣች... ዞረችኝ... ዓይኔ ሥር ነደፈችኝ።

«ይቅር ብለዎታል» አለ ዋሴ። «ባይሉ ኖሮ ሁሉም ይወጡ ነበር።»

ሲመሽ የቀፎዎቹን አፍ ዘጋን። ትልቁን እኔ፣ የቀሩትን ዋሴና የአማቹ ሰዎች ተሸክመን ትናንት አገባናቸው። ድንጋዩ ቋሪት ቀረ። ዛሬ ማሳዬ ይጮኻል። ብርነሽ በር ላይ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች፤ እኔን ግን ገና ቀና ብላ አላየችኝም።

መሪጌታ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሰንበቴው የምታነበው ይህን ነው። እኔ ከኋላ እቆማለሁ። አሁን ለራሴ አንብብልኝ እስቲ... «አለቀሰ» የሚል ጨምረህበት ከሆነ ሰርዘው። ዓይኔ ያበጠው በንቧ ነው።