ጎርሷል የተባለው ስናድር

ባለፈው ቅዳሜ ፕሬዠር ድስቴ ባቄላ እየቀቀለ ሳለ በጎኑ በኩል ማፏጨት ጀመረ። በጎኑ ማፏጨት የለበትም፤ እንፋሎቱ መውጣት ያለበት ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። እሳቱን አጥፍቼ፣ እስኪበርድ ጠብቄ ስከፍተው የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከሰዓት በኋላ ሀይሌ ጋርመንት ካለ የመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ ጎማውን ለጠጥ አድርጎ እያሳየኝ፣ «ዋናው ይሄ ነው እኮ፤ ብረቱማ ብቻውን ምን ይሠራል» አለኝ። እውነቱን ነው። ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ጎማውን በጣቶቼ መሀል ሳሽከረክር፣ ከዓመታት በፊት መካኒሳ አቦ በአንድ የሐምሌ ጠዋት ሲከፈት ያየሁት አሮጌ ጠመንጃ ትዝ አለኝ።

ከድስት ወደ ጠመንጃ መዝለሌ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ። ማስረዳት ሥራዬ ነው። ሥራዬ ከመሆኑ በፊትም አመሌ ነበር፤ ወንድሞቼ ገና አፌን ስከፍት «ጀመረቻት» እያሉ ከቤት ይወጡ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው ከሆሳዕና መጥቼ ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር የጀመርኩት። አዲስ አበባ ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። መካኒሳ አቦ፣ እማማ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራየሁ። መጽሐፎቼን በመጠን ደረደርኩ፤ ጫማዎቼን በር ሥር አሰለፍኩ፤ የሳምንቱን ምግብ እሑድ አስቤ እጨርስ ነበር። ሥርዓት የያዘ ክፍል ግን ብቸኝነትን አይቀንስም። እንዲያውም የሚዛነፍ ነገር ስለሌለ ሰው አለመግባቱ ይበልጥ ይታያል።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የባሰ ሆነ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ወደየቤተሰቦቻቸው ሄዱ። እኔ ጥቂት ተማሪዎችን በክረምት ለማስጠናት ቀረሁ። ጠዋት በጭቃው መሀል ድንጋይ እየመረጥኩ እወጣለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ዣንጥላዬ ሥር እየፈለፈልኩ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ የሚያናግረኝ ሰው የለም። እማማ አስካለ ሰላምታቸው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከሰላምታ አያልፉም። ባላቸው አቶ ጥላዬ ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ነው። ሴትዮዋም እንደኔው ቀኑን ሙሉ ድምፅ የማይሰማበት ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። በመሀላችን አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጣሪያቸው አፈሰሰና አልጋውን እንዳግዛቸው ጠሩኝ። አልጋውን ስንስብ መጋረጃው ተገለጠ፤ ከኋላው ረጅም ጠመንጃ ተሰቅሏል። እንጨቱ ጠቁሯል፤ ብረቱ የዛገ ምጣድ መስሏል። እጄን ስዘረጋ ቀለብ አደረጉት።

«አትንኪው፤ ጎርሷል» አሉኝ።

«ጥይት አለበት? እማማ፣ እርስዎ እዚህ ሥር ነው የሚተኙት?»

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ስንት ዘመኔ።»

የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ አቀረቡልኝና የዚያን ቀን ታሪኩን ሁሉ ነገሩኝ። አቶ ጥላዬ መርሐቤቴ ውስጥ እማማ አስካለን ባገቡ በዓመቱ፣ አባታቸው በድንበር ጠብ ተገደሉ። ዘመድ ሁሉ ደሙን ይመልሳል ብሎ የታላቁን ልጅ፣ የእሳቸውን እጅ ማየት ጀመረ። አቶ ጥላዬም የአያታቸውን ጠመንጃ ይዘው፣ «አጉርሻለሁ፤ ቀኑን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉ። ይህን ብለው ሚስታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ በግንበኛነት ኖሩ፤ አረጁ፤ ሞቱ። ጠመንጃው እንደተዘጋ ቀረ።

«በላቸው ለሙት ዓመቱ ይመጣል» አሉ። በላቸው የአቶ ጥላዬ ታናሽ ወንድም ነው። «ይዞት ሊሄድ ነው። ልጁ ዳኘ አድጓል። በእነሱ ቤት የጎረሰ ጠመንጃ የተቀበለ ሰው፣ የጎረሰበትንም ነገር አብሮ ነው የሚቀበለው። ልጁ ገና ተማሪ ነው። እኔ ያሳደግኩት ያህል ነው የምወደው።»

እኔ የዚያኑ ሳምንት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋን የሌለው የጦር መሣሪያ መጽሐፍ አገኘሁ። የሆነ ነገር ማወቅ ስፈልግ ብቻዬን መሆኔን እረሳለሁ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ የእማማ አስካለን ጠመንጃ ለየሁት። ስናድር ነበር።

ጥንት ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነበር። ሰውየው ቆሞ ባሩዱን ያፈሳል፤ እርሳሱን ይከታል፤ በዘንግ ይጠቀጥቃል። ዝናብ ከዘነበ ጉድ ነው። ተኝቶ ማጉረስማ አይታሰብም። ከዚያ ከኋላ ለምን አይጎርስም የሚል ሐሳብ መጣ። ከኋላ እንዲጎርስ ደግሞ በር ያስፈልገዋል፤ በር ካለው ያፈሳል። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ የሚወጣበትን ስለማይመርጥ በበሩ ስንጥቅ ወጥቶ የተኳሹን ዓይን ያቃጥል ነበር። ችግሩን የፈታው ጠንካራ ብረት አይደለም፤ ባሩዱንና እርሳሱን የያዘ ስስ የናስ ቀለህ ነው። ባሩዱ ሲነድ ቀለሁ ያብጥና ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ስንጥቁን ይደፍናል። ሲበርድ ትንሽ ይኮማተርና ተመዞ ይወጣል። የድስት ክዳን ጎማ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቀለሁ ለእያንዳንዱ ጥይት አዲስ መሆኑ ነው።

ስናድር የተሠራው ደግሞ በቁጠባ ነው። በአፍ የሚጎርሱትን ጠመንጃዎች ከመጣል ይልቅ ከኋላቸው ቆርጠው፣ በቀኝ በኩል ማጠፊያ ያለው የብረት ክዳን ገጠሙላቸው። ክዳኑ እንደ ሳጥን ወደ ጎን ይከፈታል። በክዳኑ ውስጥ ሰያፍ መርፌ አለች፤ ከውጭ ያለው መምቻ መርፌዋን ሲመታ መርፌዋ ጥይቱን ትመታለች። ስለዚህ ክዳኑ ከተከፈተ መርፌዋም አብራ ከጥይቱ ትርቃለች። ይህችን ያወቅኩ ዕለት እማማ አስካለ ቤት ሮጥኩ።

«ሊከፈት ይችላል እማማ። ውስጡን ማየት ይቻላል።»

«እሱ የዘጋውን?» አሉና ወደ መጋረጃው አዩ። ከዚያ፣ «እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በሳጥን ክዳን እያሳየሁ፣ በእርሳስ እየሣልኩ ነገርኳቸው። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። በማግስቱ ጠሩኝና እንደገና አስነገሩኝ። አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ የምናገረውን ለመስማት ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ጋሽ በላቸው ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሲል በጋቢ ተጠቅልሎ፣ አንድ ማድጋ ማር ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሳቅ የማይቀርበው ሰው ነው። ምሳ እንደበላ ጠመንጃውን አውርዶ ጉልበቱ ላይ አጋደመውና መምቻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይጎትት ጀመር።

«ቃታው ዝጓል» አለ።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እሱ የሚያውቀው ቃታቸው ወደ ኋላ የሚሳብ የአሁን ዘመን መሣሪያዎችን ነው። ስናድር ደግሞ እንዲህ ያለ ቃታ የለውም። ሊከፍተው እየመሰለው የሚጎትተው መምቻውን ነበር፤ ጠመንጃው እውነት ከጎረሰ እየደገነው ነበር ማለት ነው።

«ጋሽ በላቸው፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይልቀቁት። እሱ መምቻው ነው።»

ቀና ብሎ አየኝና ወደ እማማ አስካለ ዞረ። «እትዬ፣ ይቺ ማናት?»

«ተከራዬ ናት። አስተማሪ ናት።»

«የጠመንጃ አስተማሪ አለ ደግሞ አሁን?»

«አንተ አከፋፈቱን ታውቀዋለህ?»

«የአያቴ ጠመንጃ እኮ ነው።»

«የማን ነው አላልኩህም። ታውቀዋለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

ጋሽ በላቸው መምቻውን በቀስታ መለሰው።

«ሴት የወንድሜን ጠመንጃ ስትከፍት ቆሜ አላይም» አለ በመጨረሻ።

«አይደለም፤ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት» አልኩት። «እኔ የምነግርዎ ብቻ ነው።»

ማጠፊያውን ላምባ አጠጥተን አሳደርነው። በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል በረንዳ ላይ ወጣን። ጎረቤት ቤት እያሠራ ስለነበር በአጥራችን በኩል ትልቅ የአሸዋ ክምር ነበረ፤ አፈሙዙን ወደ ክምሩ አዞርነው። እማማ አስካለ ነጠላቸውን መስቀልያ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው በቅደም ተከተል ተናገርኩ። መጀመሪያ መምቻውን ግማሽ ድረስ ሳብ አድርገው ያቁሙት። አሁን በግራ በኩል ያለችውን ጆሮ በአውራ ጣትዎ ወደ ላይ። ወደ ኋላ አይደለም፤ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ።

ክዳኑ እየተንቋረረ ተገለበጠ። የቀለህ ቂጥ ታየ፤ ጠቁሯል።

ጋሽ በላቸው ፊቱ አመድ መሰለ። «አለ» አለ። «አጉርሶ ነው የሞተው።» ጠመንጃውን ከራሱ አራቀው። ያን ጊዜ ነው እሱም ለልጁ እንደሚፈራ የገባኝ።

«አልጨረስንም» አልኩት። «ክዳኑን እንዳለ ወደ ኋላ ይሳቡት። ጥፍር አለው፤ ቀለሁን ያወጣዋል። ከዚያ ጠመንጃውን ቀስ ብለው ይገልብጡት።» ስናድር ቀለሁን ወደ ውጭ አይወረውርም፤ ስበው ካወጡት በኋላ ጠመንጃውን ገልብጠው መጣል ያስፈልጋል።

ገለበጠው። ቀለሁ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ጮኸ። ባዶ ነገር የሚጮኸው ጩኸት ነበር። ተንከባልሎ እማማ አስካለ እግር አጠገብ ቆመ። ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ጣታቸውን ከተቱበት፤ ጣታቸው ጥላሸት ሆኖ ወጣ።

«የተተኮሰ ነው» አልኩ። ዝም ማለት ነበረብኝ መሰለኝ፤ ሁላችንም አይተነዋል።

«መቼ ነው የተኮሰው?» አለ ጋሽ በላቸው። «አባታችን ከሞተ ወዲህ ሲተኩስ ማንም አላየውም።»

እማማ አስካለ ቀለሁን መዳፋቸው ላይ አንከባለሉት። «በሠርጋችን ዕለት» አሉ። «ከበቅሎ ልወርድ ስል ተኮሰ። በቅሎዋ ደንብራ ልትጥለኝ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲተኩስ አላየሁም።»

ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀመረ። ጋሽ በላቸው ክዳኑ የተከፈተውን ጠመንጃ እንደታቀፈ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ሊገድል ቢያስብ አዲስ ያጎርስ ነበር» አለ። «ያን ሁሉ ዘመን አላጎረሰም።» ከዚያ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ። «እትዬ፣ ለዳኘ ምን ልበለው?»

«አጎትህ በሠርጉ ቀን ተኩሶ ጨርሷል በለው።»

ሙት ዓመቱ አለፈ። ጋሽ በላቸው ጠመንጃውን ክዳኑ እንደተከፈተ በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ፤ የቤተሰቡ ስለሆነ እማማ አስካለም አልከለከሉትም። ቀለሁን ግን ለእሳቸው ተወላቸው። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጁ ተረፈ፤ አከፋፈቱም እንዳልኩት ሆነ። በዚያ ዕድሜ ሁለቱን ደስታዎች መለየት ያስቸግራል።

ከእንግዶቹ መበተን በኋላ እማማ አስካለ ጠሩኝ። እንዴት እንደተከፈተ እንደገና ሊያስነግሩኝ ነው ብዬ እርሳሴን ይዤ ገባሁ። መጋረጃው ተነስቷል፤ ጠመንጃው ተሰቅሎበት የነበረው ግድግዳ ላይ ነጣ ያለ ረጅም መስመር ቀርቷል።

«አየሽ» አሉኝ፣ «ጥላዬ ሲያመሽ በር ላይ ቆሜ ነበር የምጠብቀው። ዛሬስ ጠመንጃውን ይዞ ሀገሩ ሄደ እላለሁ። ገብቼ መጋረጃውን አያለሁ፤ ጠመንጃው አለ፤ ግን አላምንም፤ ተመልሼ እቆማለሁ። ሲመጣ፣ ‹ምነው ቆምሽ?› ይለኛል። ‹ምንም› እለዋለሁ። ገብተን ራት እንበላለን።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። እሱም ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያውቃል። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር ትያለሽ?»

እርሳሴን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብረን ዝናቡን ሰማን።

በዓመቱ ለትምህርት ቤቱ የሚቀርብ ክፍል አግኝቼ ለቀቅኩ። እማማ አስካለ አሁን በሕይወት የሉም፤ ግቢው ላይ ፎቅ ቆሟል። እኔ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ስለ ጋዝና ግፊት ሳስተምር ያን ጠመንጃ ሰሌዳው ላይ እሥለዋለሁ፤ ተማሪዎቹም ይወዱታል። እማማ አስካለ ይቆሙበት ስለነበረው በር ግን አልነግራቸውም። አቶ ጥላዬ በዚያ በር ሲገቡ ሚስታቸው የሚፈሩትን ያውቁ እንደነበር፣ አውቀውም ዝም ያሉት ለምን እንደሆነ፣ ምናልባት ከሥራ ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን ሰው ማጣት ስላልፈለጉ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አስረድቼ መጨረስ አልቻልኩም።

የኔን በር ከውስጥ የሚከፍትልኝ የለም፤ እኔም ቆሜ የምጠብቀው ሰው የለኝም። ቢኖረኝና አምሽቶ መጥቶ «ምነው ቆምሽ?» ቢለኝ ግን፣ «ምንም» አልለውም።