አቶ ቢሆነኝ እና የፔንግዊኑ ማኅበር

ወሬው በ2002 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከቡሬ ተነሥቶ፣ ማንኩሳ ላይ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ፣ ከመጀመሪያው ሚኒባስ ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ገባ። አቶ ቢሆነኝ የሚባሉት የቡሬ በርበሬ መዛኝ የሞተች ልጃቸውን በኮምፒውተር አስነሥተዋል አሉ። ፔንግዊን የሚባል ወፍ ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ የፍኖተ ሰላም ወጣቶች ማኅበር ጠጥተው ሲያበቁ፣ በአንዲት የምታብለጨልጭ ሲዲ የልጅቱን ነፍስ ጠርተው ሣጥኑ ውስጥ አስገብተውላቸዋል። እሷም በየቅዳሜው ትናገራለች፤ የእናቷን ጤና ትጠይቃለች፤ በርበሬ ስንት እንደገባም ትጠይቃለች። ሽማግሌው ለዚህ ውለታ ወይፈን ሰጥተዋል፣ ማተባቸውንም በጥሰዋል።

ወሬው ያምር ነበር፤ ግን ጥቂት ቦታ ላይ ያነክሳል። አቶ ቢሆነኝ በዘመናቸው ያሳደጉት ትልቁ ከብት ድመት ስለሆነ ወይፈኑ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ማተባቸውም ሠላሳ ዓመት የበርበሬ ብናኝ ጠጥቶ ከጥቁርነት ወደ ቀይነት ስለተለወጠ ከሩቅ ይታያል፤ ያልተበጠሰ ነው። ነፍስ ተጠርታ ትመጣለች ብንል እንኳ፣ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን በሚጠፋበት አገር በየቅዳሜው ሰዓት አክብራ እንዴት ትናገራለች? ይህን የጠየቀ ሰው ግን መልስ አላጣም፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልለው ሲሄዱ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» የሚል አንድ ምስክር ሁልጊዜ ይገኛል። ይቺ አንዷ እውነት ነበረች። አቶ ቢሆነኝ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ኮምፒውተራቸውን እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፈው ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ይጓዙ ነበር።

አቶ ቢሆነኝ ቡሬ ገበያ ላይ በርበሬ ሲመዝኑ ጣታቸው የቀላ፣ ዓይናቸው የቀላ ሰው ናቸው። ሲያስነጥሱ አንድ ጊዜ አይደለም፤ ከአምስት ከጀመሩ ትንሽ ነው። ገበያተኛው «ይማርዎ» ብሎ ስለማይዘልቀው እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እልፍነሽ የወለዱት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ምሥጋና። ኮሌጅ ገብታ ጸሐፊነት ተምራ፣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታ፣ የቤታቸውን የፊት ክፍል ጽሕፈት ቤት አደረገችው። ማመልከቻ ስትጽፍ ባለጉዳዩ ራሱ ያልጠረጠረውን በደሉን ታሳየዋለች ይባል ነበር። ድንጋይ ልብ ያለው ሹም እንኳ የምሥጋናን ማመልከቻ አንብቦ መሐረብ ይጠይቃል እየተባለ ይጋነንላታል።

አንድ እሑድ ማይክራፎን ስትሞክር አባቷ ገቡ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ ተቀረጸ። ፋይሉን «አባ» ብላ ሰየመችው። በ2001 ጥቅምት ላይ ሦስት ቀን ታማ ሞተች።

ከዚያ በኋላ አቶ ቢሆነኝ ስለ ኮምፒውተር አንድ ነገር ብቻ ተማሩ፦ ቁልፉን መጫን፣ መታገሥ፣ «አባ» የምትለዋ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ። ከሥራ ሲመለሱ በሩን ዘግተው ይሰማሉ። ወይዘሮ እልፍነሽ ግን አንድ ቀንም አልሰሙም። «አሁን አልችልም» አሉ፤ «ለሙት ዓመቷ ያሰሙኛል።» ሙት ዓመቱ ሁለት ወር ሲቀረው ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ አልነሣም አለ።

በዚያ ዘመን ለማናቸውም የኮምፒውተር ሕመም መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ ፎርማት። ማውሱ ቢንቀጠቀጥ ፎርማት። ፕሪንተሩ ወረቀት ቢውጥ ፎርማት። ባለቤቱን ራሱን ቢያመው ፎርማት። የቡሬው ጠጋኝ ሣጥኑን ገና ከጋቢው ሳያወጣ ምርመራውን ጨረሰ።

«ቫይረስ ነው አባባ። ፎርማት ይፈልጋል።»

«ፎርማት ሲሆን ልጄ ትተርፋለች?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ውስጡ ያለችው።»

ጠጋኙ ሣጥኑን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። «ፎርማት ምንም አያተርፍም አባባ። አዲስ ነው የሚያደርገው።»

«እንግዲያው ተወው ልጄ። አዲስ አልፈልግም።»

ሲወጡ ከኋላቸው ተጣራ። «ፍኖተ ሰላም ዊንዶውስ የካዱ ልጆች አሉ። ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ በሚሉት ነው የሚያሠሩት። ሳያጠፉ በሲዲ ይከፍታሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እንግዲህ እኔን ምስክር እንዳያደርጉኝ!»

የፍኖተ ሰላም ሊነክስ ተጠቃሚዎች ሲጀምሩ ማኅበር የመሆን ሐሳብ አልነበራቸውም። የኮሌጅ መምህሩ ወንዳወቅ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚሄድ እናቱ ስትጠይቀው «ማኅበር አለብኝ» አላት፤ እሷም ድፎ ጋግራ ላከች። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረውም። ተራ ወጣ፤ በየወሩ አንዱ ቤት ይደገሳል፤ ወንዳወቅም እንደ ማኅበር አለቃ ሙሴ ተባለ። የሊነክስ ሲዲና ምልክቱ የሆነው የፔንግዊን ሥዕል ከባሕር ማዶ በፖስታ በነጻ ይመጣላቸዋል። ችግር ያለበት ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፣ ዳቦ ይበላል፣ ተፈውሶለት ይሄዳል። ክፍያ የለም። ወንዳወቅ በየወሩ የሚሰብካት አንዲት ሕግ ብቻ ነበረች፦ ፍላሽ ሳይሰናበት አይነቀልም። «ሊነክስ ሥራውን የጨረሰ መስሎ ገና ውስጥ ውስጡን ይጽፋል፤ ‹ልነቅል ነው› ብላችሁ በትእዛዝ ሳታሰናብቱ ከነቀላችሁት ባዶ ትቀራላችሁ» እያለ ማኅበርተኛውን በእንቅልፍ ይጥለዋል። ከሁሉም ሕጉን በቃሉ አሳምሮ የሚወጣው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠግነው ገብረ ሕይወት ነበር።

የመስከረሙ ቅዳሜ ተራ የፊዚክስ መምህርቷ የተናኜ ነበር። አቶ ቢሆነኝ ሣጥኑን ታቅፈው ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ።

«ኧረ በማርያም! ይቀመጡ አባባ» አለች ተናኜ። «ምኑን ነው ያመመው?»

«እሱን እንኳ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። እኔ የምፈልገው አንዲት ነገር ናት። ስሟ ‹አባ› ይላል።»

ሲዲው ገባ፤ ሣጥኑ አጉረመረመ፤ ገጹ በራ። ገብረ ሕይወት ፎልደሮቹን እንደ ምሥጢር በር አንዱን ከፍቶ ሌላው ውስጥ እየገባ ፈለጋትና አገኛት። ተናኜ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ይሰማል? ኧረ አባ፣ ያንን በርበሬዎን ይዘው ራቅ ይበሉልኝ፤ ማሽኑ ያስነጥሰዋል!» ከዚያ ማስነጠስ ተሰማ፤ የአቶ ቢሆነኝ ነው። ልጅቱ እየሳቀች ትቆጥራለች፤ «ሦስት... አራት... አምስት... ወይኔ አባ! ይማርዎ፣ ይማርዎ፣ ለቀሪውም አብሬ ይማርዎ ብያለሁ!»

ማኅበርተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ገብረ ሕይወት ፍላሹን ሰክቶ ድምጿን ወደ እሱ መገልበጥ ጀመረ፤ ቅጂው የት እንደደረሰ የምታሳየው መስመር ሞልታ ጠፋች። «አለቀች!» አለ። ያን ጊዜ ሳቁ መሐል አቶ ቢሆነኝ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ።

«አባባ» አለች ተናኜ ቀስ ብላ፤ «ልጅዎ የት ነው ያለችው?»

«ጥቅምት ሲመጣ ዓመቷ ነው።»

ለካ ለቅሶ ነው። ለካ ያልደረሱት ለቅሶ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ሲስቁበት ኖረዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሰው ለቅሶ ሲደርስ ማሽን ላይ ተጎልቶ መቅረት ነውር ነውና ገብረ ሕይወትም ፍላሹን መንቀል፣ ደረት ኪሱ መክተትና መነሣት አንድ ሆነበት። ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ። ስለ እሷ ጠየቁ፤ አቶ ቢሆነኝም ነገሯቸው። ስለ ማመልከቻዎቿ ሲያወሩ ሁለት ጊዜ ራሳቸው ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ ለማንም ያላወሩትን አወሩ።

ዳቦ ቀረበ፤ ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸውና ባርከው ቆረሱ። ሲበሉ ሲጠጡ ቆይተው ወንዳወቅ ወደ ሣጥኑ ዞረ።

«ዳግመኛ እንዳይታመም ሊነክስ እንጫንልዎ አባባ። ገብሬ፣ ድምጿ ወጥታለች አይደል?»

«ኪሴ ውስጥ ናት» አለ ገብረ ሕይወት ደረቱን መታ መታ አድርጎ።

ወንዳወቅ የማሽኑን ጥያቄዎች ሁሉ መለሰ፤ ውስጡ ያለውን አሮጌውን ሁሉ ጠርገህ ሣጥኑን በሙሉ ያዘው ብሎም አዘዘው። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ተናኜ እጁን ያዘችው። «ቆይ እንጂ ሙሴ! ትልቅ ሰው ተቀምጦ? አባባ ይመርቁንና እርስዎ ይጫኑልን።»

አቶ ቢሆነኝ ተነሡ። «የተሰበረውን የምትጠግኑ፣ የጠፋውን የምታገኙ ያድርጋችሁ። እጃችሁን ይባርከው። ወልዳችሁ ሳሙ።» «አሜን!» አሉ። በዚያች በርበሬ ባቀላት ጣታቸው ቁልፏን ተጫኑ። ሁሉም አጨበጨበ።

ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አዲሱ ገጽ ሲበራ ገብረ ሕይወት ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ሰካ። «አባ» የምትለዋ ስም አለች። ጠቅ አደረጋት። ምንም የለም። እንደገና ጠቅ አደረጋት። ወንዳወቅ ጎንበስ ብሎ መጠኗን አየ፤ ዜሮ።

«ገብሬ» አለ፤ «አሰናብተሃታል?»

«ተነሣሁ እኮ...» ገብረ ሕይወት ባዶ ደረት ኪሱን ዳበሰ። «ለቅሶ እኮ ነበር...»

አቶ ቢሆነኝ ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ። «ምነው ልጆች? ምን ሆናችሁ?»

ተናኜ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። «አባባ... ጠፍታለች።»

«ኧረ የለም። አሁን እዚህ ነበረች» አሉ አቶ ቢሆነኝ፤ እንደሚያጽናና ሰው።

ቡሬ ሲገቡ ወይዘሮ እልፍነሽ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። «ተገኘች?» አሉ።

«ተገኝታ ነበር።»

«ምን አለች?»

«በርበሬዎን ይዘው ራቅ ይበሉ አለች። ስትስቅ... ማስነጠሴን ስትቆጥር...»

«እሱንማ ስትልዎት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «እኔ የፈለግሁት ድምጿን ነው።»

የሙት ዓመቱ ዕለት ቄሱም፣ ዘመዱም፣ ማኅበርተኛውም መጣ። ወይዘሮ እልፍነሽ ለማኅበሩ ልጆች እንጀራ እያነሡ ሰጡ፤ ፊታቸውን ግን አላዩም።

ወንዳወቅ ግን አልተወም። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አለና በየወሩ ሣጥኑ እንዲመጣ ለመነ፤ ቅዳሜን ሙሉ ያስቆፍረዋል። በኅዳር ግማሽ ጎኑ የተበላ የሠርግ ፎቶ ወጣ። በጥር የድንበር ክርክር ማመልከቻ፣ በየካቲት የጡረታ ጥያቄ፣ በመጋቢት ደግሞ የአንድ ሰው በሬ የሌላውን ሰው ጎመን ስለመብላቱ አምስት ገጽ አቤቱታ። የቡሬ ሕዝብ በደል አንድ ሳይቀር ከሞት ተነሣ፤ ምሥጋና ብቻ ቀረች። ገብረ ሕይወት ከማኅበሩ ቀርቶ ነበር፤ አቶ ቢሆነኝ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደው «ሣጥኑን ከመኪና ማን ያውርድልኝ? አንተ ነህ የምታወርደው» ብለው መለሱት። እሱም በየወሩ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ያወርዳል፤ ዓይናቸውን ግን አያይም።

ጎረቤት ሣጥኑ ሲወጣ አየ፣ ሣጥኑ ሲገባ አየ፣ የቀረውን ራሱ ሞላው። ወሬው የተወለደው እንዲህ ነው።

በሰኔው ቅዳሜ አቶ ቢሆነኝ ከሚኒባስ ወርደው፣ ከወንዳወቅና ከገብረ ሕይወት ጋር መናኸሪያው ሻይ ቤት ተቀምጠው ነበር። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንዲት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴት እየጠየቁ መጡና ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«የቡሬው አቶ ቢሆነኝ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ እኅቴ፤ ይቀመጡ።»

«ወለተ ሐና እባላለሁ። ከቋሪት ነኝ፤ ከገበዝ ማርያም። ትናንት ነው የተነሣሁት።» ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ የአንድ ጎረምሳ ጉርድ ፎቶ አወጡ። «ልጄ ነው። በሚያዝያ ሞተብኝ። የእርስዎን አስነሥተውልዎታል፣ ትናገራለች ሲሉ ሰማሁ። ለወይፈኑ... ወይፈን የለኝም። ጊደር አለችኝ። ጊደር ይቀበሉ ይሆን ብዬ ነው።»

የሻይ ቤቱ ብርጭቆ ሁሉ ባለበት ቆመ። ሰው ወሬውን ከባለቤቱ አፍ ሊሰማ አንገቱን አሰገገ። ወንዳወቅ ሊናገር ሲል አቶ ቢሆነኝ እጃቸውን አነሡ። ፎቶውን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት፣ ሳሙት፣ መልሰው ላስቲኩ ውስጥ በጥንቃቄ ከተቱት።

«እኅቴ፣ የነገሩዎት ሁሉ ውሸት ነው» አሉ። «ወይፈን አልሰጠሁም፤ የጠየቀኝም የለም። ማተቤ ይኸው አንገቴ ላይ ነው። እነዚህ ልጆች ሊረዱኝ የደከሙ የሰው ልጆች ናቸው፤ ነፍስ አይጠሩም። የነበረችኝን ድምጿንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በዚህች ጣቴ። ከዚህ ሣጥን ቅዳሜም ሆነ እሑድ የሚናገር የለም። ጊደርዎን ይዘው ይኑሩ። ምሥጋና ሞታለች።»