ሰማያዊ እጄ የዞረበት ጠዋት

ላፍቶ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ባለ አንድ ግቢ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ከተማሪዎቼ አንዷን ምንጣፉ ላይ አስመለሳት። በጨርቅ ጠረግኩት፣ አፏን አጠብኩላት፣ ለእናቷ ደወልኩ። ለእኔ ነገሩ በዚያው አለቀ። ረቡዕ ስም ስጠራ ግን ዘጠኝ ልጆች የሉም። ሁሉም ትውከትና ተቅማጥ ይዟቸዋል።

ወላጆች በር ላይ ተሰብስበው «ምግቡ ነው!» አሉ። ምግብ አብሳያችን ልጆቹ «እማማ» የሚሏቸው፣ ከፉሪ በማለዳ የሚመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። ርዕሰ መምህሯ ጠራችኝና፣ «ወላጆችን ለዓርብ ስብሰባ ጠርቻለሁ። ካልተረጋጉ እማማን ላሰናብታቸው ነው፤ ሌላ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ኩሽና ስገባ እማማ ድስት እየፈተጉ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ጎመኑን እንኳ ሦስቴ ነው የማጥበው» አሉኝ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ክፍሌ ተመልሼ የቀሩትን ልጆች ስም ደግሜ ሳነብ አንድ ነገር አየሁ። ከዘጠኙ አምስቱ ምሳቸውን ከቤት የሚያመጡ ናቸው! የእማማን ምግብ ቀምሰው አያውቁም። ታዲያ ምን አገናኛቸው? የሰኞው ምንጣፍ ትዝ አለኝ። አብዛኞቹ ያቺ ልጅ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

በምሳ ሰዓት በሩጫ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ለነርሷ ነገርኳት።

«የሆድ ቫይረስ ይመስላል» አለችኝ። «ከትውከትና ከሰገራ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። እጅግ ጥቂቱ ይበቃዋል። ሲያስመልሳቸው ፍንጣቂው ራቅ ብሎ ያርፋል፤ በጨርቅ መጥረግ ብቻውን አይበቃም፣ በረኪና ይፈልጋል።»

«ሳኒታይዘር አለን እኮ።»

«እሱ ለዚህ እምብዛም ነው። ውሃና ሳሙና ይሻላል። ለልጆቹ ኦ አር ኤስ፣ ያ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጣቸው። የሚፈዝ ወይም ሽንቱ የሚቀንስ ካለ ግን ቶሎ አምጡት።»

በዚያው ቀን ለየወላጁ ደውዬ ነገርኳቸው። ግን በዓይን የማይታይን ነገር ለተቆጣ ሰው እንዴት ታሳዩታላችሁ? ሐሙስን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

ዓርብ ጠዋት ሰማያዊ ጠመኔ አድቅቄ ቀኝ እጄን ቀባሁትና ሥራዬን ጀመርኩ። በር ከፈትኩ፣ ቧንቧ ዘጋሁ፣ ንፍጥ ጠረግኩ፣ ርዕሰ መምህሯን ጨበጥኩ። ወላጆች ሲመጡም አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር።

ስብሰባው እንደተጀመረ አንድ አባት ተነሳ። «እኛ የመጣነው ስለ ኩሽናው ነው!»

«ይቅርታ፣ መጀመሪያ መዳፍዎን ይመልከቱት» አልኩት።

ዘረጋው። ሰማያዊ ነው። ሌሎቹም መዳፋቸውን ገለበጡ። የበሩ እጀታ፣ የውሃ ኩባያዎቹ፣ የሁለት ልጆች ጉንጭ፣ ሁሉም ሰማያዊ! ከኋላ አንዲት እናት ሳቋ አመለጣት። የርዕሰ መምህሯ አፍንጫ ጫፍም ሰማያዊ ነበር።

ሰውየው ግን አልሳቀም። «እሺ ሚስ፣ ልጄን ያሳመመው ታዲያ ማነው?»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ፤ ፊቴ ጋለ። «ልጅቷ አላጠፋችም፤ እማማም አላጠፉም» አልኩ። «እኔ ግን ሰኞ ትውከቱን የጠረግኩበትን ጨርቅ በውሃ ብቻ አለቅልቄ፣ በዚያው ጨርቅ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ወልውያለሁ።»

ሰውየው ሰማያዊ መዳፉን ደግሞ አየና፣ «እኛም ቤት ይኼንኑ ነው የምናደርገው» ብሎ ተቀመጠ። እማማን ስለማሰናበት ከዚያ በኋላ ያነሳ አልነበረም። እሳቸው በሩ ጋ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው ወደ ኩሽና ተመለሱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ከስተውም ቢሆን አንድ በአንድ ተመለሱ። እማማ ደጃፉ ላይ ባለቧንቧ ባልዲና ሳሙና አቁመው፣ የሚገባውን ሁሉ እጅጌውን ሰብስበው ያስታጥቡ ነበር። እኔ ስደርስ መንገዱን ዘጉብኝ።

«ነዪ፣ አንቺም» አሉኝ።