ሞተሩ ለእሱ፣ ድንጋዩ ለእኔ

አባታችን ሲሞት ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ የተወልን አንድ ወፍጮ ቤት ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር ያለ፣ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ቤት። መብራት ወደ እኛ መጣሁ መጣሁ ሲል ከርሞ ምሰሶውን ብቻ ተክሎ ስለቀረ፣ የአካባቢው ሰው እህሉን የሚያስፈጨው እዚያ ነበር። እኔ ትዳሬን ፈትቼ ከተመለስኩ ጀምሮ ከአባቴ ጋር የሠራሁትም የኖርኩትም እዚያው ነው። ወንድሜን ግን ዱቄቱ ያስለዋል። ብቅ የሚለው እጅ ሲያጥረው ብቻ ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ወፍጮ እንደ ከብት ዕጣ ተጥሎበት አይካፈሉትም። ብዙ ከመከሩ በኋላ አንድ ዘዴ አመጡ፤ ሞተሩ ለእሱ፣ ድንጋዩና ቤቱ ለእኔ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «አንዱ ያለ አንዱ አይሠራም። ስለዚህ አትለያዩም» አሉ። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ፍርድ ነው እያለ አደነቀ። እኔም ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያ መሳሜ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥቂት ጊዜ ሠራን። እህል ከአውድማ ገብቶ ሥራ በሚደራበት ወቅት ሞተሩ መታመም ጀመረ። የማቀዝቀዣው በርሜል ውስጥ ያለው ውሃ ገና ሳይሞቅ አረፋ ይደፍቃል፤ ዘይቱን ባየው ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉን ወዲያው አወቅሁ። ጓርኒሲዮን ማለት በሞተሩና ከላዩ እንደ ክዳን በሚገጠመው ቴስታታ መካከል የሚገባ ስስ ነገር ነው። እሱ ሲቃጠል ውሃው ወደ ዘይቱ፣ እሳቱም ወደ ውሃው መንገድ ያገኛል።

ወንድሜን አስጠራሁት። አዲስ ገዝቶ ገጠመ፤ ሳምንት ሳይሞላው ተቃጠለ። ሌላ ገጠመ፤ እሱም ተቃጠለ።

«አያ፣ ቴስታታው ሙቀት በዝቶበት ጎብጧል እኮ» አልኩት። «ፊቱ ካልተላገ መቶ ጓርኒሲዮን ብትደርትበት አይዝልህም።»

«አንች ደግሞ መቼ መካኒክ ሆንሽ?»

«አባዬ ሲሠራ ፋኖስ የያዝኩለት እኔ አይደለሁም?»

«እንግዲያው ቡሬ ቶርኖ ቤት ወስደሽ አስልጊዋ። እኔ ጊዜ የለኝም።»

ጊዜ የለኝም ያለው ሰውዬ በማግስቱ በማለዳ መፍቻውን ይዞ ከተፍ አለ። ቴስታታውን ፈታልኝ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለለልኝ፣ ተሸክሞ ጋሪ ላይ ጫነልኝ። ጋሪው ሊንቀሳቀስ ሲል ዞር ብዬ በበሩ በኩል አየሁት። ተንበርክኮ፣ ሞተሩ ከሲሚንቶው ጋር የታሰረባቸውን የዛጉ ብሎኖች ናፍጣ ይቀባል። ደስ አለኝ። ይኸው ወንድሜ ልብ ገዛ፣ ሞተሩን ከሥሩ ጀምሮ ሊያድሰው ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ ስመርቀው ሄድኩ።

ቡሬ ላይ ባለ ቶርኖው ቀጥ ያለ ብረት በቴስታታው ፊት ላይ አጋድሞ ከኋላው የእጅ ባትሪ አበራ። ከመሃል ላይ ብርሃን ሾልኮ ታየኝ።

«አየሽው? የሚያቃጥልብሽ ይኼ ክፍተት ነው» አለ።

መብራት ጠፍቶ ሥራው ስለተጠራቀመ አክስቴ ቤት አድሬ ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ ከማሽኑ አጠገብ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ብቻ ነካው፤ መሃሉ እንደጠቆረ ቀረ። ሲደግመው ጥቁሩ ጠበበ። በመጨረሻ ፊቱ ሁሉ አንድ ሆኖ አበራ። ባለ ቶርኖው ብረቱን እንደገና አጋድሞ ባትሪውን አበራ፤ ምንም አላለፈም።

«ከዚህ በላይ ከተላገ ቫልቩ ፒስቶኑን ይመታል» አለኝ። «ፊቱን አደራ። አንድ ጭረት ካረፈበት ድካማችን ከንቱ ነው። ስትገጥሙት ደግሞ ብሎኖቹን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር አጥብቁ።»

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ከጣሪያ ልጫነው ቢለኝ እምቢ አልኩ። እስክወርድ ድረስ ጭኔ ላይ አቅፌው ተጓዝኩ። እግሬ ደንዝዞ ነበር፤ ግን ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መንደር ስደርስ የወፍጮ ቤቱ በር ወለል ብሏል። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጊያ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሲሚንቶው ላይ ብሎኖቹ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ሥራቸው የዘይት እድፍ አለ። ሞተሩ የለም።

ጎረቤቴ ጓሮዋን ትታ እየሮጠች መጣች። «አንች በሄድሽ ዕለት እኮ ነው የጫኑት። ወንድምሽ ለጥገና ወደ አንች የሚልከው መስሎን፣ ወንዱም ሴቱም ተረባርበን ነው ያሸከምናቸው» አለችኝ።

ወንድሜ ለካ ከወንዝ ማዶ ወፍጮ ቤት ለሚከፍት ሰው ሸጦታል። ስልኩን አያነሣም። ያን ዕለት አላለቀስኩም፤ ንዴት እንባዬን አድርቆት ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቴስታታው እኔ ዘንድ ነው። ያለሱ ያ ሞተር ዶሮ የሚያድርበት ብረት ነው። አልጋዬ ሥር አስገባሁትና ይመጣታል ብዬ ተቀመጥኩ።

መጡ፤ ግን እሱ አይደለም። የላከው እነዚያኑ ሽማግሌዎች ነው።

«ልጄ፣ ቴስታታ ከሞተር ይቆጠራል» አሉ ትልቁ። «እኛ ደግሞ ሞተሩ ለሱ ብለን ፈርደናል።»

«አባቴ፣ አትለያዩም ያሉኝስ እርስዎ አይደሉም?»

መሬት መሬት አዩ። «እኛማ ለደግ ብለን ነበር። ለማስላጊያ ያወጣሽውን ይተካልሻል።»

«እኔ መቼ ገንዘብ ጠየቅሁ? ድንጋዬን ምን ላድርገው ነው የምለው። ጧት ጧት ልሳለመው?»

ተነሥተው አልሄዱም፤ የመጡበትን ሳይዙ የሚሄዱ ሰዎች አይደሉም። ቴስታታውን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ ከረጢቱን ገለጥኩ። የወፍጮውን ድንጋይ የምወቅርበት መዶሻ ከጎኔ ነበር። አነሣሁት። ቴስታታው ፊት ላይ አንዴ ባሳርፍበት ለማንም አይሆንም ነበር። ያ የተላገ ፊት እንደ መስተዋት ያበራል። አልቻልኩም። መዶሻውን አስቀመጥኩ፤ ቴስታታውን ዝገት እንዳይነካው ዘይት ቀባሁትና ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ይባስ ብዬ፣ «ብሎኖቹን ከመሃል ጀምሮ እንዲያጠብቅ ንገሩት» አልኩ። መረቁኝ። ምርቃታቸውን ይዘው ቢሄዱ በወደድኩ።

አሁን እህሌን የማስፈጨው ወንዝ ማዶ ነው፤ ሌላ ወፍጮ የለንም። መጀመሪያ ቀን ገና ወንዙን ሳልሻገር ሞተሩን በድምፁ አወቅሁት። ወረፋ ስጠብቅ ወደ በርሜሉ ጠጋ ብዬ አየሁ። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ አንድ አረፋ አይወጣውም። ባለ ወፍጮው ማን እንደሆንኩ አያውቅም።

«ጥሩ ሞተር ነው» አለኝ፣ ዱቄቴን ወደ ከረጢቱ እየገለበጠ። «ከተከልነው ጀምሮ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ቴስታታውን ማን እንዳሠራው እንጃ እንጂ፣ እጁ ይባረክ።»

«አሜን» አልኩትና ዱቄቴን ተሸክሜ ወጣሁ።