የእህቱ ኩላሊት

በመስኮቱ በኩል የተኛው በሽተኛ ወደ ቀኝ ጎኑ አይገላበጥም። እህቱ የለገሰችው ኩላሊት ያለው በዚያ በኩል ነው፤ «እንግዳ አለችብኝ፣ እንዳልጫናት» ይላል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ራሱን ሲፈልጠውም ድምፁ አይሰማም፤ ግንባሩን የአልጋው ብረት ላይ ያስደግፋል።

ሰውነቱ ኩላሊቷን እንዳይገፋት የሚውጠው ክኒን የመከላከል አቅሙን አዳክሞት፣ ጤነኛ ሰው እምብዛም የማይደፍር ፈንገስ አንጎሉ ድረስ ዘልቋል። ነርሷ ለፈንገሱ የታዘዘውን አዲስ መድኃኒት ልትሰቅል ስትመጣ እጇን ያዛት።

«ሲስተር፣ ይሄ መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳል አሉኝ። እውነት ነው?»

«ሊጎዳ ይችላል። ግን ካልወሰዱት አይተርፉም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

ምሳውን ይዛ የገባችው እህቱ ሰማችው። ሳህኑን አስቀምጣ፣ «እንድትኖርበት ሰጠሁህ እንጂ እንድታስቀምጥልኝ አይደለም» አለችው። እሺ አለ።

መድኃኒቱ ቢገባም ራስ ምታቱ አልቀለለም። እያደር ዓይኑ ጨለመ፤ ከዚያም የሽንቱ ከረጢት ባዶውን ማደር ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ነርሷ ከረጢቱን ጎንበስ ብላ ስታይ፣ ኮቴዋን ሰምቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ሥራ አቆመች፣ አይደል?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ነርሷ እጁን ያዘችው።

«ግድ የለም። ብቻ እህቴ እንዳትሰማ። መድኃኒቱን ውሰድ ያልኩት እኔ ነኝ እያለች ዕድሜ ልኳን ስትብሰለሰል ትኖራለች።»

እህቱ እግርጌው ተቀምጣ ነበር። መኖሯን እንዳያውቅባት አፏን በመዳፏ አፍና ትንፋሿን ዋጠች።