ካራማራ ላይ የቀጠነ ደም

የመጀመሪያው ምልክት ጆሮዬ ውስጥ የሰማሁት የልብ ምቴ ነው። ከጅጅጋ ወደ ካራማራ በሚወጣው መንገድ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ ስደርስ፣ እንደ ከበሮ ይደልቅ ጀመር። ሩጫውን አላቆምኩም። ያን ዳገት ብዙ ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ ዛሬ የከበደኝ ስንፍና ቢሆን ነው ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ሯጭ ሐኪም ከመጠየቁ በፊት ራሱን መስደብ ይቀናዋል።

ጊዜው የሰባዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ ከመሀል አገር ተመድቤ ጅጅጋ ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አራት ጊዜ የዝውውር ማመልከቻ አስገብቼ አራት ጊዜ «ለጊዜው አልተቻለም» ተብያለሁ። ያ «ለጊዜው» ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የነገረኝ የለም። ሐረር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ቢገኝም መኪና የሚንቀሳቀሰው በወታደር አጀብ፣ በተፈቀደ ቀን ብቻ ነው። የሶማሊያው ጦርነት ፈንጂውን ትቶ ስለሄደ ከመንገድ ወጣ ማለት ለፍየልም አይመከርም ነበር። ስለዚህ የአውራጃው የረጅም ርቀት ቡድን የምንባለው ስድስት ሰዎች የምንሮጥበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከከተማው መውጫ ኬላ እስከ ካራማራው ኬላ። ደርሰን እንመለሳለን። እስረኛም ግቢው ውስጥ እንዲሁ ይመላለሳል፤ የእሱ ግን ዳገት የለውም።

አዲስ አበባ ለሚደረገው አገር አቀፍ ውድድር የተመረጠ መምህር እዚያው የመዛወር ዕድል እንዳለው ይወራ ነበር። ማጣሪያው ሦስት ወር ቀርቶታል። ስለ ስፖርት ፍቅር የሚያወሩ ሰዎች አሉ። እኔ የሮጥኩት ለመውጣት ነው።

አሰልጣኛችን ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከፍታን ያመልክ ነበር። «ሳንባ የሚሠራው ላይ ነው!» ይላል። ጅጅጋ ቆላ የምትመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ከተማዋ ግን ወይና ደጋ ናት፣ ወደ ካራማራ ሲወጣም አየሩ እውነትም ይሳሳል። ጥፋቱን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ስኳር ከተጠቀለለበት የውጭ መጽሔት ገጽ ላይ፣ ከፍታ ላይ የሚሠለጥን ሰው ደሙ እንደሚወፍር አነበብኩ። የሚቀጥለው ገጽ የሌላ ሰው ስኳር ይዞ ሄዷል። የጎደለውን በራሴ ብልሃት ሞላሁት። ደም ከወፈረ ማቅጠን ነው፤ ደም የሚያቀጥነው አስፕሪን ነው፤ እንግዲያው ከዳገቱ በፊት ሁለት አስፕሪን፣ በባዶ ሆድ።

«መምህር፣ ሳይንስ ማለት ይኼ ነው!» አለ ሃምሳ አለቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ተሰልፈን እንውጥ ጀመር።

እምቢ ያለው አንድ ሰው ነው። አብዲ የቀብሪበያ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከሁላችንም ፈጣን ነበር።

«መዓሊን፣» አለኝ፣ መምህር ማለቱ ነው፤ «አሞሃል እንዴ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ መድኃኒት ምን ያደርግልሃል? እኔ ሞተር ሳይበላሽ አልፈታም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያላነበበ ሰው ነው ብዬ።

ሁለተኛው ምልክት የሚያሳፍር ነው። ጠመኔ አማረኝ። መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ ጣቴ ላይ የቀረው ዱቄት፣ በመጨረሻ ራሱ ጠመኔው። ወደ ሰሌዳው ዞሬ የጦርነት ዓመተ ምሕረት እየጻፍኩ ቁራጩን በጉንጬ እይዘው ነበር። ኋላ ያከመችኝ ዶክተር እንደነገረችኝ፣ ሰውነት አይረን የሚባለው የብረት ማዕድን ሲያልቅበት አፈርና ጠመኔ የሚያምረው ሰው ብዙ ነው። ያኔ ግን ያበድኩ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ደረጃ ስወጣ ማረፍ ጀመርኩ። የሩጫ ሰዓቴ በየሳምንቱ ወደ ኋላ ቀረ። ሃምሳ አለቃ «ከፍታው ገና አልገባህም» ብሎ ዳገቱን ጨመረልኝ፤ እኔም ደሜ ገና አልቀጠነም ብዬ አስፕሪኑን ጨመርኩ።

ሦስተኛው ምልክት ጥቁር ሰገራ ነው። እንደ ሬንጅ። የሚያጣብቅ። ሽታው ልዩ።

አየሁት። ጤና አለመሆኑን አወቅሁ። ደበቅሁት።

ማጣሪያው አራት ሳምንት ቀርቶት ነበር። «ታሟል» የሚል ቃል ከተጻፈብኝ ስሜ ይሰረዛል። አሥር ቀን ዝም አልኩ። በአሥረኛው ቀን መታጠፊያው ጋ ዓይኔ ጨለመ። ወደቅሁ። ደም አስመለስኩ። አብዲ ጀርባው ላይ አዘለኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የጫማውን ድምፅ ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም እንደ እኔው ተመድባ የመጣች ወጣት ነበረች። የዓይኔን ሽፋን ገልብጣ አየች፤ ነጭ። የደሜ ልኬት፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ አምስት ነበር፤ ሯጭ ይቅርና ተቀምጦ የሚውል ሰው እንኳ ሊኖረው የሚገባውን ግማሽ አይሞላም።

«መምህር፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ምንም።»

አብዲ ከበሩ ጣልቃ ገባ። «ዶክተር፣ ይዋሻል። በየቀኑ አስፕሪን ይበላል። ለሁሉም ያስተማረ እሱ ነው።»

እየዋሸሁ አልነበረም፤ ከዚያም የባሰ ነው። አስፕሪንን ከመድኃኒት አልቆጠርኩትም ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ከፍታውን፣ መጽሔቱን፣ የወፈረውን ደም።

«ከፍታ ላይ ደም የሚወፍረው ቀይ የደም ሴል ስለሚበዛ ነው። ወደ ላይ የምትወጡትም ለዚያው ነው። አስፕሪን ሴሉን አይቀንስም፤ ደም እንዳይረጋ ነው የሚያደርገው። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ደግሞ ጨጓራ ያቆስላል፤ የእርስዎ ለወራት ሲደማ ቆይቷል፣ ሰገራዎን ያጠቆረውም ያው ደም ነው።»

ዳገቱ የሚጨምርልኝን ደም እኔ በየማለዳው ስደፋው ኖሬአለሁ።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለሃምሳ አለቃ ስትናገር ሰማኋት። «ሐረር መላክ ነበረብኝ። አጀቡ የሚነሳው ከነገ ወዲያ ነው። እስከዚያ አይቆይም። ደም የሚሰጥ ሰው አምጡልኝ።»

አምስት ዓመት ሙሉ ተዘግቶብኛል እያልኩ ሳማርር ኖሬአለሁ። መዘጋት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ግድግዳው አረንጓዴ ነበር። ቁመቴ ከአልጋው ይረዝማል። እግሬ ቀዘቀዘ። ልቤ ያለ ዳገት ይሮጥ ነበር።

ቡድኑ በሙሉ መጣ። አራቱን ሯጮች ዶክተሯ መለሰቻቸው። «አስፕሪን የዋጠ ሰው ደም ለሚደማ በሽተኛ አይሆነኝም» አለች። ጤነኞቹን ያበላሸኋቸው እኔው ነኝ። የቀረው አብዲ ነበር። የደሙ ዓይነት ለሁሉም የሚሆነው ኦ ሆነ። አንድ የኬላ ወታደርም ተጨመረ፤ ስሙን ሳልጠይቀው ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረ።

አብዲ ክንዱን እንደዘረጋ ዶክተሯን ጠየቃት። «ሩጫ ይከለክላል?»

«ለጥቂት ሳምንታት አቅምህ ይቀንሳል።»

ማጣሪያው አሥራ ስምንት ቀን ነበር የቀረው። አብዲ ወደ እኔ አየ። «ውሰጂው» አላት።

መድማቱ በሦስተኛው ቀን ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለና አሰልቺ ነው፤ ለቁስሉ ሲሜቲዲን፣ ለደሙ የአይረን ክኒን፣ ክኒኑ ከሻይ ጋር እንዳይወሰድ ማስጠንቀቂያ፣ ይህም ወተት ያለው ሻይ ሳይጠጣ ሰው ሰላም በማይባባልበት ከተማ ውስጥ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። አንድ ወር ተኩል ቆይቼ እስከ ገበያው ሳላርፍ ተራመድኩ፤ በሦስተኛው ወር ጠመኔ ለመጻፊያ ብቻ የሚሆን ዕቃ ሆነልኝ፤ በስድስተኛው ወር ደግሞ ያንኑ ዳገት፣ በባዶ ሆድ ሳይሆን ቁርሴን በልቼ፣ ማንንም ለማሸነፍ ሳልቸኩል ወጣሁት፣ ላይ ስደርስም የልቤን ምት ለመስማት እጄን ደረቴ ላይ ማድረግ አስፈለገኝ።

ማጣሪያው እኔ አልጋ ላይ እያለሁ ተካሄደ። ሦስት ሰው ተመረጠ። አብዲ አራተኛ ወጣ። ያን ዓመት ከሁላችን አንደኛ መሆን የሚገባው እሱ ነበር። በማግስቱ ሊጠይቀኝ መጣ።

«መዓሊን፣» አለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ደሜን ይዘህ ተኛህበት። ቢያንስ ሩጥበት እንጂ!»

በቀጣዩ ዓመት አብዲ አልሮጠም፤ የጭነት ሥራው በዛ፣ ከዚያ ልጆች መጡ። ዝውውሬ ከሦስት ዓመት በኋላ በተራ ማመልከቻ፣ ያለ ምንም ሩጫ ተፈቀደ።

ያቺ ዶክተር በቂ መሣሪያ ሳይኖራት፣ መንገዱም ተዘግቶ ሳለ አዳነችኝ፤ አመሰግናታለሁ። አብዲንም አመስግኜዋለሁ፤ ዕድሉን ግን አልመለስኩለትም፣ የምመልስበትም መንገድ የለም።

እናንተ ከፍታ ላይ የምትሠለጥኑ፣ ሰዓታችሁ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ ከቀረ ዳገት አትጨምሩ፤ ደማችሁን አስለኩ። ሰገራችሁን እዩ፤ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሂዱ። የሚያሳፍራችሁን ነገር በመጀመሪያ ተናገሩ። ማጣሪያ ቀርቦ ስለሆነ ነው የምደብቀው የሚል ካለ፣ ክፍያው ከሌላ ሰው ክንድ ሊወጣ እንደሚችል ይወቅ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም መድኃኒት ነው አይደለም ብላችሁ አትምረጡ፤ የምትውጡትን ሁሉ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት።