ባዶውን የማይመለስ ባልዲ

ይሉኝታ ሰው ሆኖ ቡታጅራ ላይ ቢታይ ዘይባን ነው የሚመስለው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎመንና ቃሪያ እየቸረቸረች ልጇን አሚኔን ታሳድጋለች፤ ቢርባትም ለጎረቤት ትንፍሽ አትልም። ደግነቱ አሚኔ ምሳዋን ትምህርት ቤት ትበላለች። ልጅቷ ጠግባ ስትመጣ ዘይባ ራሷ የበላች ያህል ደስ ይላታል።

ዘንድሮ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለተቸገሩ ተማሪዎች ቤተሰብ ዱቄት መስጠት ጀመረ። አንድ አርብ አሚኔ ክዳን ባለው ባልዲ ዱቄት ይዛ ስትገባ ዘይባ እንባዋ እስኪመጣ አመሰገነች። ባልዲው ግን ሰኞ መመለስ ነበረበት፤ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በነዘይባ ቤት ሞልቶ የመጣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ የሆነ ነገር ጣል ይደረግበታል። እሷ ደግሞ ምን አላት? ሰኞ «ነገ» አለች፤ ማክሰኞም «ነገ»። አሚኔ ያለ ባልዲው መሄድ አፈረች፤ እናትየዋም አልገፋቻትም። እንግዲህ ፍረዱ፤ ለአንድ ባልዲ ሲባል ልጅ ከትምህርቷም ከምሳዋም ቀረች!

ሐሙስ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ወይዘሮ ፀዳለ ከተፍ አሉ። የጎንደር ሰው ናቸው፤ ቡታጅራ ግን አገራቸው ከሆነች ቆይታለች። ዘይባ ደንግጣ ባልዲውን ከጓዳ አወጣች።

«እትዬ ፀዳለ፣ በአላህ ይቅር ይበሉኝ፣ ባልዲውን...»

«ባልዲው ገደል ይግባ! ልጅቷ የት አለች? ድርሻዋን ሳስቀምጥላት ሰነበትኩ እኮ!»

ዘይባ አንገቷን ደፍታ ነገሩን ነገረቻቸው። ፀዳለ ሊስቁ ጀምረው ተዉት፤ ባዶ ዕቃ መመለስ እሳቸውም ዘንድ ነውር ነው። ከዚያ ወደ ጓሮ አሻግረው አዩ።

«ያ እንሰት ያንቺ ነው?»

«አዎ፤ ግን ለቆጮ አልደረሰም።»

«ቆጮ ማን ጠየቀሽ? ኮባውን ስጪኝ። ለልጆቹ ዳቦ የምንደፋበትን ከገበያ ነው የምናመጣው።»

ዘይባ ቢላዋ ይዛ ወጣች። ሰፋፊውን ቅጠል መርጣ ቆረጠች፣ ወለወለች፣ እየጠቀለለች ባልዲው ውስጥ ጠቀጠቀች። ክዳኑ አልገጥም አለ።

በማግስቱ አሚኔ ባልዲውን ይዛ ከትምህርት ቤት እየተጣደፈች ገባች።

«እማ! የዛሬው ዳቦ እኛ ቤት እኛ ቤት ይላል! ሁሉም ልጅ በላው!»

ዘይባ «አልሀምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች። ባልዲው ዱቄት ሞልቶ መጥቶ ነበር፤ በሁለት እጇ ተቀበለችው።